ደወሉ ውሃ ጠጥተው እስኪመለሱ

የመሬት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ዛሬ ግርግር የሌለበት ቤት ነው። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ወንበሩ በተርታ ተደርድሯል፣ ባለጉዳይ ቁጥሩን ይዞ ስልኩን እየነካካ ይቀመጣል። ድሮ ግን ገና ከመንገዱ ማዶ ሳሉ የአንድ ሰው ጩኸት ይሰማ ነበር። ያ ሰው የጽሕፈት ቤቱ ጠሪ ነበሩ። ከተማው በሙሉ "ደወሉ" ነው የሚላቸው፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከሚስታቸው በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

የጠሪው ሥራ እንዲህ ነበር። ቤትም ሆነ ባዶ ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሙ ሲዛወር፣ ማኅተም ከመመታቱ በፊት ደወሉ ፊት ለፊት ያለው ደረጃ ላይ ይወጣሉ። የሻጩን ስም፣ የገዢውን ስም፣ የቦታውን አዋሳኞች በአራቱም በኩል አንድ ባንድ ይጠራሉ። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው "የሚቃወም ካለ ዛሬ ይናገር!" ይላሉ። ይህን ካሉ በኋላ ደረጃውን ወርደው ግቢው ጥግ ወዳለው ቧንቧ ይሄዳሉ። በሰንሰለት የታሰረችውን ጣሳ ይሞላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ጺማቸውን ይጠርጋሉ፣ ቀስ ብለው ይመለሳሉ። እስኪመለሱ ድረስ ማኅተሙም፣ የማኅተሙ ሹምም፣ ሻጭና ገዢም ይጠብቋቸዋል።

ይህችን ፋታ ሰዉ "የውሃው ጊዜ" ይላት ነበር። የትኛውም ደንብ ላይ አልተጻፈችም። ሲጀመር ደወሉ የጠጡት ጉሮሯቸው ደርቆ ነው፤ ኋላ ልማድ ሆነች፣ ልማዷም ውላ አድራ ከሕጉ በላይ ተፈራች። ደወሉ ተመልሰው ደረጃው ላይ ሲወጡ የተናገረ ሰው ከሌለ "ተቃዋሚ የለም፤ ይጽና!" ይላሉ። ያኔ ማኅተሙ ይመታል።

በዚያች የውሃ ጊዜ ስንት ጉድ ታይቷል! ለዓመታት የተኳረፉ ወንድማማቾች የአባታቸውን ቦታ ሊሸጡ መጥተው፣ ደወሉ ጣሳውን ሳይጨርሱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ተገኝተዋል። አንዲት ሴትዮ እስክሪብቶውን ባሏ እግር ሥር ወርውራ "ከፈለግህ ራስህን ሽጥ!" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታለች። ሰው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ሲፈርም የማይታየው ነገር፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሌላ ሰው ውሃ ሲጠጣ ሲጠብቅ ይታየዋል። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ይህን ሁሉ ልጃቸው ታውቃለች። አንድ ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው ጫፍ ላይ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትቀመጥና፣ የአባቷ ድምፅ ከራሷ በላይ ሲያልፍ ትሰማ ነበር። ከተማው ሁሉ አንቱ የሚላቸውን ሰው አንተ የምትል ከእናቷ ሌላ እሷ ብቻ ነበረች፤ ያውም እናቷ እየተቆጣቻት።

የሚገርመው፣ እኚያ የከተማው ደወል ቤታቸው ሲገቡ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነበር። "ድምፄ የመንግሥት ነው፤ ቤት ውስጥ አላባክነውም" ይላሉ። እናቷ ትስቃለች፣ ሳቋን ሳትጨርስ ደግሞ ትቆጣለች። "አንተ ሰው፣ አገር ምድሩን ስትጠራ ውለህ እኔ ስጠራህ ወዬ ማለት ያቅትሃል?" ትላለች። እሳቸውም ጆሮዋ ሥር ገብተው "ወዬ" ይላሉ፤ በሹክሹክታ። ልጅቱ ይህን ስታይ ዓለም ላይ ከዚያች ቤት የተሻለ ቦታ ያለ አይመስላትም ነበር።

ቤቷ እንኳ ይህን ያህል የምታኮራ አልነበረችም። የበሩ መቃን ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም እንግዳ ሁሉ ግንባሩን እየመታ ነው የሚገባው። የጓሮው የሎሚ ዛፍ ልብስ ማስጫው ገመድ ድረስ ተዘርግቶ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ልብስ በእሾሁ የተጫረ ነበር። እናቷ በየሳምንቱ "ዛሬ አስቆርጠዋለሁ" ትላለች። ሳታስቆርጠው ሞተች።

ልጅቱ አድጋ፣ ተምራ፣ ተሹማ፣ የዚያው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነች። ናፍቆት ሲባል ደግሞ ክፉውን አስረስቶ ደጉን ብቻ የሚያሳይ አታላይ ነገር ነውና፣ እውነቱን እንናገር። ያ የድሮው ቤት ሰው የሚያለቅስበት ቤት ነበር። "ነገ ና" የተባለ ገበሬ ነገው ሳይመጣለት ክረምቱ ይገባል። ዶሴው በገመድ ታስሮ ጣሪያው ሥር ይከመራል፣ ጣሪያው ያፈሳል። የደረሰች ነፍሰ ጡር ከሰልፍ እንዳትወጣ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ኃላፊዋ በልጅነቷ አይታለች። ስለዚህ ስትሾም የመጀመሪያ ሥራዋ ያንን መነቅነቅ ሆነ። ዶሴውን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች፣ መስኮቶች አስከፈተች፣ ሰልፉን በቁጥር ተካች። ከቢሮ ቢሮ ያዞር የነበረው የስም ዝውውር በአንድ መስኮት፣ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ሆነ። ጥሪውም ቀረ። በምትኩ የሚሸጠው ቤት ሁሉ አስቀድሞ በማስታወቂያ ይወጣል፣ የሚቃወም ሰው በጽሑፍ ያመለክታል፣ ጊዜው ሲያልፍ ያበቃል። ባለጉዳይ መረቃት። እናቶች ደረጃው ላይ እጃቸውን ዘርግተው "ልጅሽ ይባረክ" አሏት። አባቷም ጡረታቸው ደርሶ ነበርና "ጉሮሮዬ ዐረፈ" ብለው በሹክሹክታ ሳቁ።

ቁጥር የሚጠራው ማሽን ሲተከል ባለሙያው "የሰው ድምፅ እንቅዳበት፤ የማንን እንቅዳ?" አላት። የማን ድምፅ ይሆናል! አባቷን አመጣቻቸው። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጺማቸውን ተከርክመው መጡ። ከአንድ ጀምረው ቁጥሩን ሁሉ ጠሩ፣ የመስኮቶቹን ስም ጠሩ። ሥራው አለቀ ሲባል ግን ደወሉ መች ያልቅላቸዋል፤ ደረታቸውን ነፉና "የሚቃወም ካለ ዛሬ ይናገር!" ሲሉ ባለሙያው ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ከወንበሩ ዘለለ። ሲረጋጋ "ይቺን ከማሽኑ ላይ አወጣታለሁ፤ ለራሴ ግን አስቀምጣታለሁ፤ ጠዋት መቀስቀሻ ትሆነኛለች" አለ።

እናቷ ከሞተች በኋላ አባቷ ያቺን ቤት ብቻቸውን ይዘው ቀሩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ያበላሸው ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሉኝታ ነው።

አንድ ቀን ልጃቸው እጃቸውን ይዛ "አባዬ፣ ብቻህን አትሁን። እኛ ጋ ክፍል አለ" አለች። ባሏና ልጆቿ ያሉበት አፓርታማ ነው። እሷ ያለችው ከልቧ ነው። እሳቸው ግን የሰሙት ሌላ ነው፤ ከሥራ ወጥታ ወደኔ መመላለሱ አደከማት ብለው አሰቡ። ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው "ቤቱን ልሽጠው መሰለኝ" አሉ። ይህን ያሉት ልሞክራት ብለው ነው። "አንተ ሰውዬ አብደሃል? የእናቴን ቤት!" እንድትላቸው ይጠብቁ ነበር።

እሷ ደግሞ ልቧ ዱብ አለ። ከባሏ ጋር ስንቴ ያወሩት ነገር ነበር፤ አፓርታማውን ለቀው፣ ያቺን ቤት አድሰው፣ ከአባቷ ጋር ሊኖሩባት። ልጆቿ የሎሚው ዛፍ ሥር ልብሳቸውን እያስጫሩ ሊያድጉ። ግን አባቷን አየቻቸው፤ ቤቱ ውስጥ እናቴን በየጥጉ ማየት ከብዶት ነው አለች በልቧ። የሰው ሐዘን ላይ ቆሜ የራሴን ምኞት ላውራ እንዴ? ዋጥ አድርጋ "እንደፈለግህ አባዬ" አለች።

"እንደፈለግህ" የምትባል ቃል ስንቱን ቤት አፍርሳለች መሰላችሁ። እሳቸው አለቀ አሉ፤ መሸጡን ፈልጋዋለች። እሷም አለቀ አለች፤ ቆርጦ ተነሥቷል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እየተጠባበቁ፣ ሁለቱም እየተግደረደሩ፣ ማስታወቂያው ወጣ፣ ጊዜውም አለፈ። ኃላፊዋ ማስታወቂያው ላይ የአባቷን ስም ስታይ ቶሎ ዐይኗን ታነሣለች። በጽሑፍ መቃወም ትችል ነበር። ልጅ አባቷን በማመልከቻ ትቃወም? ነውር ነው።

ገዢዋ ነርስ ናት። ከልጆቿ ጋር ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስትንከራተት የኖረች፣ ሰው አክባሪ ሴት ናት። ቤቱን ልታይ መጥታ የበሩ መቃን ግንባሯን ሲመታት "ይቅርታ" ብላ ነበር፤ ለመቃኑ። ደወሉ ይህን አይተው ወደዷት።

የዝውውሩ ቀን ጠዋት ኃላፊዋ ከቢሮዋ መስተዋት ጀርባ ቆማ አዳራሹን ታያለች። አባቷ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቁጥራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ነርሷ አጠገባቸው ናት። ማሽኑ ተንጫረረና የራሳቸው ድምፅ "ቁጥር ሰባ ሦስት፤ መስኮት አራት!" ብሎ አምባረቀ። ደወሉ ደንግጠው ቀና አሉ።

"ኧረ ምን ያስጮኸዋል ይሄ ሰውዬ!" አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊዋም ሳቀች።

ከጠዋት ጀምሮ ልቧን ያረጋጋት አንድ ነገር ነበር። ሞኝነት ነው፣ ራሷም ታውቀዋለች፤ ግን ልጅ ሆና ደረጃው ላይ የተቀመጠችው ያቺ ልጅ ከውስጧ አልወጣችም። ጥሪው ሲደርስ እናገራለሁ ብላ ነበር። አባዬ ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ፣ እስኪመለስ ድረስ ድፍረቱ ይመጣልኛል። አሁን አባቷ ወደ መስኮት አራት ሲያዘግሙ ስታይ ነው ትዝ ያላት፤ ጥሪ የለም፣ ውሃም የለም። ያስቀረችው ራሷ ናት።

ከቢሮዋ ወጥታ በጥድፊያ ወደ መስኮቱ ሄደች። ምን እንደምትል አላወቀችም፤ ብቻ ሄደች። የመስኮት አራቷ ጸሐፊ ኃላፊዋ ራስጌዋ ስትቆም ሥራዬን ልታይ መጣች ብላ እጇ እሳት ሆነ። መታወቂያውን ወሰደች፣ ስሙን አመሳከረች፣ "እዚህ ጋ ጋሼ፣ እዚህም፣ እዚህም" አለች። ኃላፊዋ "አንዴ…" ብላ አፏን ስትከፍት ጸሐፊዋ ይበልጥ ፈጠነች። ማኅተሙ ተመታ። ማተሚያው አዲሱን ካርታ በነርሷ ስም አወጣ።

"አልቋል ጋሼ ደወሉ! እንኳን ደስ ያለዎት!"

"አለቀ?"

"አለቀ!" አለች ጸሐፊዋ፤ ኃላፊዋን በኩራት ዘወር ብላ እያየች።

"እንዲህ ቶሎ?" አሉ ደወሉ። እንደ ቅሬታ አይደለም፣ እንደ አድናቆትም አይደለም። ኪሱን እንደሚፈትሽ ሰው ዙሪያቸውን አዩ። ነርሷ አቅፋ ሳመቻቸውና አለቀሰች። እሳቸውም ትከሻዋን እየመቱ "ሳቂበት፣ ልጅ ዳሪበት" ብለው መረቋት።

አባትና ልጅ ወደ ደረጃው ወጡ። ፀሐይዋ ድሮ የምታርፍበት ቦታ ላይ ነበረች። ደወሉ ደረጃውን ወርደው ወደ ግቢው ጥግ ሄዱ። ግቢው ሲታደስ ቧንቧው ይነቀል ተብሎ ነበር፤ ኃላፊዋ "ይቆይ" ብላ ያስቀረችው እሱን ብቻ ነው። ጣሳዋ ግን የለችም። በመዳፋቸው ጠጡ። ጺማቸውን ጠረጉ። ቀስ ብለው ተመልሰው የደረጃው ግርጌ ሲደርሱ ቆሙ፣ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፣ ፈገግ አሉ።

"የሚቃወም ካለ ዛሬ ይናገር" አሉ፤ በሹክሹክታ። ለቀልድ ነበር።

"እኔ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"እኔ አባዬ። እኔ እቃወማለሁ።" የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መሆኗን ረስታ ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እንባዋ ቀደማት። "እዚያ መኖር ነበር የምፈልገው። ካንተ ጋር። ልጆቼን ይዤ።"

ደወሉ አንድ ደረጃ ወጡ። "አንቺ አይደለሽ እንዴ እንደፈለግህ ያልሽኝ?"

"የፈለግህ መስሎኝ ነዋ!"

"እኔ መቼ ፈለግሁ? አትሽጠው በይኝ ብዬ እኮ ነው የነገርኩሽ። ትቆጪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ…"

"ታዲያ ምነው አልነገርከኝ?"

"ሸክም እንዳልሆንብሽ ብዬ ነዋ የኔ እናት።"

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ! ወይኔ ደወሉ፤ ላገር ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ ለልጄ አንዲት ቃል አጣሁ!" ሳቁ አለቀና ጺማቸው ላይ የቀረው የውሃው ይሁን የዐይናቸው አልለይ አለ። አጠገቧ ተቀመጡ።

"ልለምናት?" አለች ልጅቱ። "ነርሷን። ብትመልስልን…"

ነርሷ የውጪው በር ጋ ቆማ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። ድምፅዋ ደረጃው ድረስ ይመጣል። "የራሳችን! የራሳችን ነው እላችኋለሁ! አዎ፣ ዛፍ አለው! … አይ፣ የሚያስወጣን የለም!"

ደወሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተያት። እሷ ምን በደለች?" አሉ።

ልጅቱ ገባት። እንባዋን ጠርጋ ጠበቀች፤ ቀሪዋን ቃል፣ "ይጽና"ን ጠበቀች። ያለዚያች ቃል ጥሪ አይዘጋም። ደወሉ ግን አላሏትም። ክንዷን ይዘው ተነሡና ወደ ቤት፣ ወደ አፓርታማው ሄዱ።

በሳምንቱ ኃላፊዋ ለማሽኑ ባለሙያ ደወለችለት። "ያቺን የጠዋት መቀስቀሻህን አምጣልኝ" አለችው። ስብሰባ ጠርታም ከመጨረሻው ፊርማ በፊት ጥሪው እንዲመለስ፣ ለሻጭም ለገዢም ውሃ እንዲቀርብ፣ እስኪጠጡ ድረስም ማኅተም እንዳይነሣ አዘዘች። ምክትሏ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

"ባለጉዳይ እንዳይጠብቅ ብለን ስንት ለፍተን፣ አሁን ራሳችን እናስጠብቀው?"

"ዶሴ እስኪገኝ አይጠብቅ" አለች። "ልቡ እስኪመጣ ግን ይጠብቅ።"

ምክትሏ አልገባውም። እሷም ልታስረዳው አልሞከረችም።

ጥሪው በተመለሰበት ቀን አባቷን ይዛቸው መጣች። ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። መስኮት አራት ላይ አንዲት አሮጊት የእህል መጋዘን ቦታቸውን ለጎረቤታቸው ያዛውራሉ። ፊርማው አንድ ሲቀረው ማሽኑ ተንጫረረ።

"የሚቃወም ካለ ዛሬ ይናገር!"

አዳራሹ ቀጥ አለ። ስልኩን ያልጣለ ሰው አልነበረም። ጸሐፊዋ ሁለት ብርጭቆ ውሃ በመስኮቱ ገፋ አደረገች። ያኔ ደወሉ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ብድግ አሉ። በበሩ ወጡ፣ ደረጃውን ወረዱ፣ ወደ ቧንቧው ሄዱ። ቧንቧው ላይ አዲስ ጣሳ በሰንሰለት ታስሯል። ልጃቸው በሩ ጋ ቆማ ጀርባቸውን ታያለች። አሮጊቷ ውሃቸውን ተጎነጩ፣ ጎረቤታቸውን አዩ፣ ጎረቤታቸውም አየቻቸው። ማንም አልተናገረም፤ አሮጊቷ የቀረችውን ፊርማ ፈረሙ።

ደወሉ ጺማቸው እንደረጠበ ተመለሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የሚያዩት መስኮት አራትን አይደለም፤ ልጃቸውን ነው።

"የተናገረ አለ?" አሏት፤ በሹክሹክታ።

የበሩ መቃን፣ የሎሚው እሾህ፣ እናቷ ጆሮዋ ሥር ትሰማው የነበረው "ወዬ" ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። እዚያ ቤት አሁን ሌሎች ልጆች ልብሳቸውን እያስጫሩ ነው።

"የለም አባዬ" አለች።

ደወሉ ደረታቸውን ነፉ። ያ የመንግሥት ድምፅ፣ ማሽኑ ላይ ከተቀዳ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ያልወጣው፣ ከነሙሉ ጉልበቱ ወጣ።

"ተቃዋሚ የለም፤ ይጽና!"

መስተዋቱ ተርገበገበ። የመስኮት አራቷ ጸሐፊ ለእሷ የተባለ መስሏት ማኅተሙን መታችው።